የሮማው ሠዓሊና እርሳሱ

በሮማ ከተማ የስፓኛን አደባባይ ደረጃ ወጥቶ በግራ በኩል ጥቂት የተራመደ መንገደኛ ቪላ ሜዲቺ ከሚባለው ታላቅ ቤት ይደርሳል። ቤቱ ከ1803 ዓ.ም. ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ነው። ከደጁ ቆመው ቁልቁል ሲመለከቱ ከጣሪያዎቹ ማዶ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ይታያል።

አንግር የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ በ1806 እዚህ የገባው የመንግሥት ሽልማት አግኝቶ ነበር። ምኞቱም ታላላቅ የታሪክ ሥዕሎች መሥራት ነበር። ናፖሌዎን በ1815 ፈጽሞ ሲወድቅ ግን፥ ሥራ ያዝዙት የነበሩት የፈረንሳይ ሹማምንት ከሮማ ሄደው ነበርና እንጀራውም አብሯቸው ሄደ። በምትካቸው አገር ለማየት የጎረፉት እንግሊዞች መጡ። አንግርም እርሳሱን እየቀረጸ የእነርሱን መልክ በመሣል ኑሮውን ገፋ።

እነዚህን ሥዕሎች ቀርቦ ላያቸው ነገሩ ግልጽ ነው። ፊቱ ጠጕሩ ሳይቀር በጥንቃቄ ተሠርቷል፤ ልብሱ ግን በጥቂት ፈጣን መስመሮች ብቻ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ማዕረጉን የሚናገሩት እነዚያው ጥቂት መስመሮች ናቸው። በ1816 የተሣለው ሎርድ ግራንተም፥ ከኋላው የጴጥሮስን ጉልላት አድርጎ ሙሉ ቁመቱን ቆሟል። እኛም ዘንድ የኩታውን አጣጣል አይቶ ጌታውን ከአገልጋዩ፥ ሐዘንተኛውን ከባለ ሠርጉ የሚለይ ሽማግሌ አይጠፋም። ነገር ግን ዋጋውን የከፈለው ተሣዩ ራሱ መሆኑን አንርሳ፤ ሥዕሉ የሚነግረን ሰውዬው ምን እንደ ነበረ ብቻ ሳይሆን ምን ሆኖ መታየት እንደ ፈለገም ጭምር ነው።

ጠባይን ማንበብ ከዚህ ይብሳል። በ1819 አንግር ቫዮሊን መቺውን ፓጋኒኒን ሣለ፤ ሥዕሉ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። ፓጋኒኒ የጄኖቫ ድሃ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ሙዚቀኛም በዚያ ዘመን በመኳንንት ቤት ከሎሌ እምብዛም አይርቅም ነበር። በሥዕሉ ላይ ግን ኮቱ ከሎርዶቹ ኮት አያንስም፤ ቫዮሊኑን ይዞ ረጋ ብሎ ያየናል። ከ12 ዓመት ያህል በኋላ ደላክርዋ ያንኑ ሰው በቀለም ሲሥለው፥ ከጨለማ የወጣ ቀጭን ጥላ አስመሰለው። ሰዎች ሰይጣን ያስተማረው ነው ይሉት ነበርና፥ ብዙዎች እውነተኛው ፓጋኒኒ ይህ ነው ብለው ያምናሉ። እኔ ግን ወደ እርሳሱ አደላለሁ። አንግር ራሱ ቫዮሊን ይመታ ነበር፤ ያየውም ተአምረኛ ሳይሆን የሙያ ባልንጀራውን ነው። በእርግጥ የሙያ ባልንጀራም ሲያይ የሚያልፈው ነገር አለው።

ማዕረግ ነገር አንግርንም ያንገበግበው ነበር። አንድ ቀን አንድ እንግዳ በሩን አንኳኩቶ፥ ትንንሽ መልክ የሚሥለው ሰው እዚህ ነውን ብሎ ቢጠይቀው፥ አይደለም፥ እዚህ የሚኖረው ሠዓሊ ነው ብሎ መለሰው ይባላል።