ዳገቷ ላይ

የኪቶ ልጅ የሆነች የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቀን እዚህ ደብሊን ምሳ ስንበላ፣ «እናቴን ልጠይቅ አገሬ ስገባ መጀመሪያ የሚያመኝ ራሴን ነው» አለችኝ። ኪቶ የኢኳዶር ዋና ከተማ ናት፤ አንዲስ ተራሮች ውስጥ፣ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ። ሳቅሁባት። ተወልዶ ያደጉበት አገር ደግሞ ያማል እንዴ?

በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ትምህርት ቤት ለፈረንጆች ገና ሲዘጋ፣ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከአስፋልቱ ወደ እማዬ ቤት የምታስገባው ዳገት፣ በልጅነቴ ውኃ ተሸክሜ እየሮጥኩ የምወጣት ናት። ግማሹ ላይ ቆምኩ። ልቤ ይደልቃል፣ ራሴን ይወቅረኛል። ሰባ ዓመት ያለፋት እማዬ የልጄን ሻንጣ አንጠልጥላ ከፊቴ ሆና ዞር አለችና፣

«ምነው ልጄ፣ እርጅናው አሜሪካ ነው እንዴ ያለው?» አለችኝ።

ደብረ ብርሃን ከኪቶ እኩል ናት ማለት ይቻላል፤ 2,840 ሜትር ገደማ። የኛዋ ደብሊን ሦስት መቶ እንኳ አትሞላም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ ሰውነት እስኪለምደው ቀናት ይፈልጋል። እኔን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አገሬ ላይ እንግዳ መሆኔን የነገረኝ ሰው ሳይሆን ሳንባዬ ነው።

ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ይነጣል። ትንሹ ልጄ «ስኖው!» እያለ በካልሲ ሮጦ ወጣ። ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ያልፋል፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ ከተማ መተከሉ ለካ በምክንያት ነው! የኩበት ጭስ ከየግቢው ይነሳል፤ ባጃጁና ጋሪው ይጋፋሉ። ረፋዱ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ጥላ ውስጥ ስትገቡ ግን መልሶ ብርድ ነው።

ከከተማው ወጣ ስንል በሬዎች ገብስ ሲያበራዩ አየን። ልጄ «ይሄ የእውነት ነው?» አለኝ። ምን ያድርግ፣ እሱ የሚያውቀው ደብሊን ሜዳው ላይ የቆሙትን 109 የሲሚንቶ በቆሎዎች ነው።

ጾም ስለነበር እማዬ በየቀኑ ድንች ወጥ ትሠራ ነበር። ድንች የመጣው ከነዚያው ከአንዲስ ተራሮች ነው ብላት፣ «ተይኝ እባክሽ፣ የኛው ድንች ነው» አለችኝ።

ግቢው ውስጥ ለገና የተገዛ ቀይ አውራ ዶሮ ታስሮ ነበር። ልጆቹ ስም አውጥተውለት በበሶ ፍርፋሪ አለማመዱት። አማርኛቸው ለአያታቸው ባይበቃም ሦስቱም ስለዶሮው ሲያወሩ ይግባባሉ። እኛ ግን ገና ሳይደርስ መመለስ ነበረብን፤ ትምህርት ቤቱ ለኛ ገና አይጠብቅም።

የገና ዕለት ከደብሊን ደወልን። ትንሹ ስልኩን ቀማኝና፣ በተሰባበረ አማርኛ ዶሮው እንዴት እንደሆነ ጠየቃት።

«አለልህ የኔ ጌታ፤ ያለናንተ ማን ይበላዋል» አለችው።