በደረቅ ወንዝ ዳር የታደረ ሌሊት

በመቀሌ ከተማ አጠገብ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ አሉላ አባ ነጋ ይባላል። አሉላ የራስ አሉላ እንግዳ ስም ነው፤ አባ ነጋ ግን የፈረሳቸው ስም ነው። በቀድሞ ዘመን ታላላቅ የጦር አለቆች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበርና ይህ ስም እስከ ዛሬ አልጠፋም። ራስ አሉላ በተምቤን ከገበሬ ቤት ተወልደው፥ በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ፥ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ በዓድዋ ተዋግተው፥ በ1889 ዓ.ም. ዐረፉ። እንደ ዘመናቸው አለቆች ሁሉ ብዙ ሌሊት በድንኳን አድረዋል። እንግዲህ ዛሬ ድንኳኑን በጀርባው አዝሎ ከአውሮፕላን የሚወርድ መንገደኛ፥ ሳያውቀው የድንኳንን ኑሮ በሚያውቅ ሰው ስም በተጠራ ሜዳ ላይ ይወርዳል ማለት ነው።

የቀድሞው ሠራዊት በደረሰበት ሁሉ እንዲያው አይሰፍርም ነበር። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ የንጉሡ ሰፈር በየሄደበት በአንድ ሥርዓት ይተከል እንደ ነበር ጽፎአል። ልጆች ሆይ፥ ብዙ ጊዜ የምትሰሟቸው የማዕርግ ስሞች ከዚህ ሥርዓት የመጡ ናቸው። ፊታውራሪ ከፊት ይሄዳል፤ ቀኝ አዝማች በቀኝ፥ ግራ አዝማች በግራ ይሰፍራል፤ ደጃዝማችም ስሙን ያገኘው ከደጅ ነው። ከተማ የምንለው ቃል እንኳ አስቀድሞ ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ የሚሰፍርበትን ስፍራ ያመለክት ነበር። ሰው በጨለማ ቢደርስ የጌታውን ድንኳን በየት በኩል እንደሚያገኘው ያውቃል። ሥርዓት ማለት ይህ ነው።

በዚያው አገር ድንኳን ሳይኖራቸው ብዙ ሌሊት በሜዳ ያደሩ ሌሎች ሰዎችም አሉ። እነርሱም አርሆ በሚባለው የጨው ሲራራ የሚሄዱት ናቸው። መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ተቀምጣለች። የጨው ሜዳው ግን በአፋር ምድር፥ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። የአፋር ሰዎች ጨውን ከመሬቱ በመጥረቢያ ፈልጠው፥ በእንጨት ፈንቅለው፥ አራት ማዕዘን አድርገው ይጠርቡታል፤ ነጋዴዎችም በግመል ጭነው ወደ ደጋ ያወጡታል። ይህ ጨው አሞሌ እየተባለ በኢትዮጵያ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ሲመነዘር ኖረ። አሁን የመኪና መንገድ ስለ ወጣለት የግመሉ ጉዞ እጅግ አንሶአል።

የአርሆ ሰው በአንድ ጉዞ ሁለት አገር ያያል፤ ብርድም ሙቀትም ያገኘዋል። ሰው በየ1,000 ሜትሩ ሲወርድ አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ነገር ግን መሬቱ ደረቅ በሆነበት ከፍ ያለ ስፍራ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ አለው፤ ብዙ ሰውም በዚህ ይደነቃል። ምክንያቱ ግን ግልጥ ነው። ደመናና እርጥበት ያለው አየር እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የምድርን ሙቀት ይይዛል። ሰማዩ የጠራ፥ አየሩም የደረቀ ሲሆን፥ ድንጋዩና አሸዋው በቀን የተቀበሉትን ሙቀት ፀሐይ እንደ ገባች ወደ ሰማይ ይለቁታል። ስለዚህ በቀትር ሸሚዙን ያወለቀ ሰው በሌሊት ጋቢ ይፈልጋል። የአርሆ ሰዎች ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩትም። ጭነታቸውን አራግፈው በነፋሱ አንጻር እንደ ግድግዳ ይደረድሩታል፤ ግመሎቻቸውን አንበርክከው ጭድ ይሰጧቸዋል፤ ከዚያም በጭነቱ ጥግ ቁርበት አንጥፈው ይተኛሉ። ስንቃቸው ብርኩታ ነው። የጋለ ድንጋይ በሊጥ ተጠቅልሎ በፍም ላይ ይጋገራል፤ እንጀራ በማይቆይበት መንገድ ይህ ዳቦ ይቆያል።

በአዲስ አበባ የሚማር አንድ ወጣት ይህን ሁሉ ከአጎቱ ይሰማ ነበርና፥ በሐምሌ ወር ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጨውን መንገድ በእግሩ ሊያይ ወደ መቀሌ በአውሮፕላን መጣ። አጎቱ፥ የእናቱ ወንድም፥ በጕልምስናው የጨው ግመል የነዳ፥ አሁንም አንዲት ግመል የቀረችው ሰው ነበረ። በማረፊያው በር ጠብቆ ተቀበለው፤ በመኪናም በአጉላዕ በኩል አድርገው በደጋው ጫፍ ወዳለው የአጎቱ መንደር ሄዱ። ወጣቱ አዲስ ድንኳን ገዝቶ ነበር። ቀላል ነው፥ ካስማዎቹም የሚያብረቀርቁ ናቸው። አጎቱ ድንኳኑን በእጁ መዝኖ፥ «መልካም ነው» አለና ሌላ ነገር አልተናገረም።

በነጋው ድንኳኑን፥ ስንቁንና ሁለት ጀሪካን ውኃ በግመሏ ጭነው ወደ ምሥራቅ ወረዱ። ደጋውን ሲለቁ የገብስ እርሻው እያነሰ፥ ቁልቋልና ሬት እየበዛ ሄደ፤ በስተኋላም ድንጋይና ጥቂት ግራር ብቻ ቀረ። ወጣቱ በየመንገዱ ውኃ ይጠጣ ነበር፤ መጠጣቱም ነውር አይደለም፥ በሙቀት አገር ሰው መጠጣት አለበትና። ወደ ማታ ግን ሰፈር ሊያደርጉ ሲቆሙ፥ ከጀሪካኑ ቀድቶ ፊቱን ታጠበ፤ ደግሞም ቀድቶ እግሩን ታጠበ። ውኃው ድንጋዩን ሳይጨርስ ደረቀ። አጎቱ ይህን አይቶ ጀሪካኑን አነሣና ወዘወዘው፤ ከዚያም በጥላ አስቀመጠው።

የቆሙበት ስፍራ በደረቅ ወንዝ አጠገብ ነበረ። በላይ በኩል ያለው መሬት ድንጋያማ ነው፤ በወንዙ ውስጥ ግን ነጭ አሸዋ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎአል። ወጣቱ ደስ ብሎት ወደ አሸዋው ወርዶ ድንኳኑን ተከለ። ካስማው በአሸዋው ውስጥ በአንድ ምት ይገባ ነበር። አጎቱ ግመሏን አስሮ፥ ጥቂት እንጨት ለቅሞ ሲመለስ ድንኳኑን አየ።

«ልጄ፥ ይህን አሸዋ ወደዚህ ያመጣው ማን ይመስልሃል?» አለው።

«ወንዙ ነዋ፥ ጋሼ።»

«ወንዙ መቼ ይመጣል?»

ወጣቱ ወደ ሰማይ ተመለከተ። አንድ ደመና አልነበረም። «ዛሬ ግን ዝናብ የለም፤ ሰማዩን ይመልከቱት» ብሎ መለሰ። አጎቱም፥ «ይህ የእኛ ሰማይ ነው፤ ወንዙ ግን የእኛ ብቻ አይደለም» አለው። ወጣቱ ደክሞት ስለ ነበረ አልተነሣም። ሽማግሌ የሚናገረውን እየሰሙ ዝም ማለት መታዘዝ የሚመስለው ብዙ ልጅ አለ።

በዚህ መካከል አንድ የአፋር እረኛ ከላይ በኩል ወደ እነርሱ መጣ። ፍየሎቹን ወደ ዳገቱ ነድቶ ብቻውን ወርዶ ነበር። አጎቱ በንግድ ዘመኑ የተማረውን የአፋርኛ ቋንቋ አልረሳምና ሰላምታ ተለዋወጡ። እንግዳውም መጠጣት እንደሚፈልግ በምልክት አሳየ። በጀሪካኑ የቀረው ውኃ ለሁለት ሰው እስከ ነገ ቀትር ድረስ በጭንቅ የሚበቃ ነበር፤ ሁለተኛው ጀሪካንም ለመልሱ ጉዞ የታሰበ ስለ ሆነ አይነካም። ወጣቱ የአጎቱን ፊት ተመለከተ። አጎቱ ኩባያውን እስከ አፉ ሞልቶ አስቀድሞ ለእንግዳው ሰጠ፤ ቀጥሎ ለወጣቱ እኩሌታ ቀዳለት፤ ለራሱ ግን ከንፈሩን የሚያርስ ያህል ብቻ ወሰደ። ወጣቱ ኩባያውን ይዞ እግሩን ተመለከተ፤ ገና ንጹሕ ነበረ። ከዚያ በኋላ ውኃው ይበልጥ ጣመው ወይስ መረረው ማንም አልጠየቀውም።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዳጉ ያዙ። ዳጉ በአፋር ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው። መንገደኞች ሲገናኙ ሳይቸኩሉ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ስለ ዝናብ፥ ስለ ሣር፥ ስለ ከብት፥ ስለ ጠብና ስለ ሰላም አንዱ ይጠይቃል ሌላው ይመልሳል። ሐሰት ያወራ ሰው ይነቀፋል፥ የሰሙትን ሁሉ በዚህ ወሬ ተማምነው መንጋቸውን ይነዳሉና። ስልክ በማይደርስበት ምድር ይህ ልማድ የብዙ ሰውና ከብት ነፍስ አድኖአል። ስልክ በሚደርስበትም ቢሆን አንዱ ያለ ሐሰት የሚነግረው፥ ሌላው ያለ ችኮላ የሚሰማው ወሬ መገኘቱ ቀላል አይደለም።

እረኛው የተናገረው ጥቂት ነበረ። በቀትር በኋላ በደጋው በኩል ደመናው ጠቍሮ ነጐድጓድ ሰምቶአል፤ ፍየሎቹንም ከወንዙ አርቆ ወደ ዳገት ያወጣው ስለዚህ ነው። ድንኳኑን አሻግሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። አጎቱ የሰማውን ሲነግረው ወጣቱ ያለ ክርክር ተነሣ።

ድንኳኑን ወደ ላይ ማውጣት ግን እንደ መትከሉ ቀላል አልሆነም፤ ጨለማው ቀድሞአቸው ነበር። አውታሩን እየፈቱ ጨርቁን እንደ ታጠፈ ተሸክመው ወደ ድንጋዩ ሲያወጡት አራት ካስማ በአሸዋው ውስጥ ቀረ። በላይ ያለው መሬት ካስማ አይቀበልም። ወጣቱ ደጋግሞ መታ፤ አንዱ ካስማ ተጣመመ፥ ሌላውም ፈንጥሮ ጠፋ። አጎቱ ትልልቅ ድንጋዮች አንከባልሎ አውታሩን በእነርሱ ላይ አሰረ፤ የጭድ ከረጢቱንም በነፋሱ በኩል አቆመ። ብርኩታውን ከፍለው በሉ፤ እረኛውም ድርሻውን በልቶ ወደ ፍየሎቹ ሄደ። ወጣቱ በድንኳኑ ውስጥ ድንጋይ ጎኑን እየወጋው ብዙ ሰዓት ሳይተኛ ቆየ። ብርዱም በረታ። አጎቱ ግን በውጭ፥ በግመሏ አጠገብ፥ ቁርበቱ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ወጣቱ የከባድ መኪና ድምፅ የመሰለ ነገር ሰማ። በዚያ አጠገብ ግን የመኪና መንገድ የለም። ድምፁ እየቀረበ፥ እየበረታ መጣ፤ መሬቱም ተንቀጠቀጠ። ወጥቶ በመብራት ቢያይ፥ ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቶአል፥ አንዲት ጠብታም አልወረደችም፤ ከታች ግን አሸዋ በነበረበት ጥቁር ውኃ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይወርድ ነበር። በደጋው የዘነበው ዝናብ መንገዱን ተጕዞ በሌሊት ደረሰ። ደረቅ መሬት ውኃ የሚጠጣ ይመስላል እንጂ፥ ድንጋይና የጠነከረ አፈር ብርቱ ዝናብን ቶሎ አይውጥም፤ ስለዚህ ከዳገቱ ሁሉ የወረደው በአንድ ገደል ይሰበሰባል። አጎቱም ነቅቶ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ሁለቱም ምንም አልተናገሩም። ግመሏ ብቻ አንገቷን ቀና አድርጋ አዳመጠች፤ ቆይታም ማመስኳቷን ቀጠለች።

ሲነጋ ጎርፉ ጎድሎ በየጎድጓዳው የደፈረሰ ውኃ ቀርቶ ነበር። አጎቱ ከዚያ ቀድቶ ጀሪካኑ ውስጥ አስተኛው፤ ጭቃው ወደ ታች ሲወርድ የላዩን በነጠላ አጥልሎ አፈላው። እንዲህ ያለውን ውኃ ሳያፈሉ መጠጣት ሆድን ያሳምማል፤ ጥም የያዘው ሰው ግን ይህን መጠበቅ ይከብደዋል። ወጣቱ እስኪፈላ ድረስ ጠበቀ፥ እስኪቀዘቅዝም ጠበቀ። መጀመሪያውን ኩባያ ቀድቶ በሁለት እጁ ለአጎቱ አቀረበ።

ከመነሣታቸው በፊት አጎቱ ፍሙን በአፈር ቀበረ፤ ሦስቱን የጉልቻ ድንጋዮች ግን አላነሣቸውም። የተረፈውን እንጨትም ሰብስቦ ዝናብና ጎርፍ በማይደርስበት የድንጋይ ጥግ አስቀመጠው። ወጣቱ፥ «ወደዚህ እንመለሳለን እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«እኛ በሌላ በኩል ነው የምንመለሰው» አለው አጎቱ፤ ግመሏንም መጫን ጀመረ።

ወጣቱ ካስማዎቹን ሊፈልግ ወደ ወንዙ ወረደ። ድንኳኑ በነበረበት ስፍራ አንድ ትልቅ የግራር ግንድ ከነሥሩ ተጋድሞ ነበር። በጭቃው ውስጥ በእጁ እየዳበሰ ጥቂት ቆየ፤ ከአራቱ አንዱን ብቻ አገኘና አጥቦ በኪሱ ከቶ ወደ ላይ ወጣ።