ክረምትና የቤት ትምህርት

ሐምሌ ሲገባ የትምህርት ቤት ደወል ዝም ይላል፤ ትምህርት ግን በዚያ አይቋረጥም። እኔ በዲላ ከተማ በመምህርነት ስኖር ይህን ያስተዋልሁት ከተማሪዎቼ ወላጆች ነው። በጌዴኦ የገጠር ቀበሌዎች ክረምት ለልጅ የዕረፍት ወራት ብቻ ሳይሆን፣ አባትና እናት ይልቁንም አያት በተራቸው መምህር የሚሆኑበት ጊዜ ነው።

የሚሰጠውም ትምህርት ቀላል አይደለም። ዋንዛውና ብርብራው ከላይ ጥላ ይሆናሉ፤ ከሥራቸው እንሰቱ፣ ከእንሰቱም ጋራ ቡናው ይበቅላል። ልጁ የትኛው ቅርንጫፍ ለጥላ እንደሚተው፣ የቡናው ችግኝ በዝናብ እንዴት እንደሚተከል በእጁ እየነካ ይማራል፤ ከአንድ አሚቾ ብዙ የእንሰት ችግኝ እንደሚወጣም ከአያቱ ይሰማል። ልጅቱም እንሰቱ እንዴት እንደሚፋቅ፣ ቆጮውም በጉድጓድ እንዴት እንደሚብላላ ከእናቷ ታያለች። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃልና የዚህ ትምህርት ፈተና በሰኔ አያልቅም።

አንዳንድ ወላጆች ግን ክረምቱን በሙሉ ለማጠናከሪያ ትምህርት ያውሉታል። አሳባቸው መልካም ነው። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. መስከረም የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ የተከበረው ትክል ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ይህም የእጅ ዕውቀት ነው። ድንጋይ ቢወድቅ መልሶ ይነሣል፤ እንሰትን የሚያውቅ ትውልድ ሲቋረጥ ግን መልሶ የሚተክለው አይገኝም።

ስለዚህ ደብተሩ ወደ ጓሮ ይውጣ። ልጁ አያቱ የነገሩትን የእንሰት ዓይነቶች ስም ጽፎ ቢመለስ፣ በመስከረም እኛ መምህራን ከእርሱ የምንማረው አናጣም።