መዝገብ ይከረከማል እንጂ አይጣልም



«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ አበው፣ የትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተርም የሠራውን ሁሉ ይጽፋል። የሚሠራው በሊነክስ ነው፤ ሊነክስም በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተጀመረውን የዩኒክስን ሥርዓት የተከተለ ነው። ማን እንደገባ፣ ምን እንደተበላሸ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሮ «ቫር ሎግ» በሚባል ማኅደር ውስጥ ያሰፍራል። ይህን መዝገብ ባለሙያዎች ሎግ ይሉታል።

የመዝገብ ችግሩ ማደጉ ነው። አንድ ፕሮግራም ሲታወክ ያንኑ አቤቱታ ያለማቋረጥ ይደጋግማል፤ ዲስኩ ሲሞላም የእናንተ ጽሑፍ ማረፊያ ያጣል። ባለፈው ወር ተማሪዎች ሥራቸውን ማስቀመጥ ያቃታቸው በዚሁ ምክንያት ነበር። ጣት ግን ወደ አንድ ልጅ ተቀሰረ። መዝገቡ ብልሽቱ 02:10 ላይ መጀመሩን ስለሚናገር፣ አንዳንዶች ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ10 ነው ብለው አነበቡት፤ በዚያ ሰዓት ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ደግሞ እሱ ነበር።

ኮምፒዩተር ግን ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። 02:10 በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ነው። ያን ጊዜ ክፍሉ ተቆልፎ፣ ልጁም ቤቱ ተኝቶ ነበር። የቀረውን ቦታ የሞላው የተነቀለ ማተሚያ የሚፈልግ ፕሮግራም ነው። ቦታ ለማግኘት ሲባል መዝገቡ በችኮላ ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ፣ የልጁ ምስክር አብሮ ይጠፋ ነበር።

ስለዚህ ኮምፒዩተሩን የምትጠብቁ ተማሪዎች፣ አደራ የምላችሁ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ዲስክ ሲሞላ የትኛው ፋይል እንዳበጠ ፈልጉ፤ የመጀመሪያውንም መስመር አንብቡ።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ እየጻፈበት ያለውን መዝገብ አትሰርዙ። ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል እንጂ ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ድረስ የያዘው ቦታ አይለቀቅም።

ሦስተኛ፣ ክርከማውን ሎግሮቴት ለሚባለው ፕሮግራም ተዉለት። በየሳምንቱ አዲስ መዝገብ ይከፍታል፤ የቆየውን አጭቆ ያስቀምጣል፤ 4 ሳምንት ያለፈውን ያስወግዳል። የሳምንቱን ቁጥር የምንወስነው እኛው ነን።

ወላጆች ሆይ፣ ጓዝ ሲበዛ የሚጣለውንና የማይጣለውን መለየት ለእናንተ አይነገርም። የራሽን ካርድና የልጅ ሰርተፊኬት በየትኛውም መንገድ ከእጃችሁ አልወጣም። የኮምፒዩተሩም መዝገብ እንዲሁ ነው። ልጅ ሲከሰስ አስቀድሞ መዝገቡ ይታይ፤ ሰዓቱም በትክክል ይቆጠር።

ማየት የምትፈልጉ ሁሉ ከትምህርት በኋላ በኮምፒዩተር ክፍሉ ታገኙኛላችሁ።