ነዳጅ ብሰጠው አይሰማም

ነሐሴ 24

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። የርብ ወንዝ ሞልቶ ወደ ናበጋና ወደ ዋገጠራ ያለው ሜዳ ሁሉ ውሃ ነው፤ ጣና ወደኛ የመጣ ይመስላል። ወረታ ያለውን ጋራዤን ልከፍት ስሄድ በሩ ላይ አንድ አባዱላ ቆሟል። ሾፌሩ ውስጡ ነው ያደረው።

«ጋሼ፣ ነዳጅ ብሰጠው አይሰማም» አለኝ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ።

ከአዲስ ዘመን ሲመለስ ማታ አስፋልቱን አቋርጦ የሚወርድ ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ውሃው ከወለል ምንጣፉ በላይ ደርሶበታል። ሞተሩ ይነሳል፣ ድምፁም ደኅና ነው። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ቢረግጡት ግን ያው ነው፤ እያዘገመ ይሄዳል እንጂ አይጎትትም። ቢጫዋ የሞተር መብራት በርታለች።

ይህ መኪና ከእግር እስከ ሞተር የሚሄድ የነዳጅ ገመድ የለውም። ፔዳሉ ላይ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዳቸው 5 ቮልት ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ደግሞ እግር በረገጠው መጠን ከዚያ ላይ ቆርሰው ይመልሱለታል። በብዙ ቶዮታዎች እግር ሲነሳ አንደኛው ከ0.5 እስከ 1.1፣ ሁለተኛው ከ1.2 እስከ 2 ቮልት ይመልሳል። ሁለት የተደረገው አንዱ ሲዋሽ ሌላው እንዲያጋልጠው ነው። ሳይስማሙ ከቀሩ ኮምፒውተሩ ኃይል ቀንሶ ሾፌሩን በዝግታ ወደ ቤቱ ይሰድደዋል። ሾፌሩ «ሞተሩ ደከመ» ይላል፤ ሞተሩ ግን አልደከመም፣ ታዞ ነው።

ሶኬቱን ሳልነቅል በመርፌ ከኋላው ገብቼ ለካሁ። ለአንደኛው ሴንሰር 5 ቮልት ሙሉ ይደርሰዋል፤ ለሁለተኛው 3.4 ብቻ። ስነቅለው ጥቁር የፎገራ ጭቃ ያዘለ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ከፒኖቹ አንዷ አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች። ዝገቱ የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም፤ የትላንቱ ውሃ የቆየውን በሽታ ነው የቀሰቀሰው። መኪናው በየክረምቱ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል ማለት ነው።

ነሐሴ 25

በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ታጥቦ፣ ፒኗ ተቀይራ፣ ምንጣፉም ወጥቶ ደረቀ። አሁን ለሁለቱም 5 ቮልት ይደርሳል። ሾፌሩ ሌላ ቦታ ፔዳሉን በሙሉ ግዛ ተብሎ ነበር። ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ተሳፋሪ ጭኖ ሄደ።

መስከረም 9

ዛሬ በደብረ ታቦር መንገድ ያሪስ ተጎትታ መጣች። ባለቤቷ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ከኋላ ወንበር ካርቶን አውጥተው «ይኸውልህ፣ አዲስ ትሮትል ገዝቼ አስገጠምኩ፤ ግን ያው ነው» አሉኝ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው አሮጌው ነው። የወጣውን ብር ሲነግሩኝ እኔም ደነገጥኩ። ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና ሁሉም አጥብቆ ይዟል፤ መለዋወጫ ሻጩም ይህን ያውቃል።

ስካነሩ ላይ ፒ2118 ይወጣል። የትሮትል ሞተሩ ኤሌክትሪክ ልክ አይደለም ማለት ነው። «ኮምፒውተር ያደረገላቸው» ሰው ትሮትል የሚለውን አይቶ ትሮትል አስገዛቸው። ይህ ኮድ የሚናገረው ግን ኮምፒውተሩ ጉድለቱን የት እንዳስተዋለ ነው፤ ጉድለቱ የት እንደተወለደ ሌላ ጉዳይ ነው። የትሮትል ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው 12 ቮልት ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው ለብቻው በተለየ መስመር ነው። በእነዚህ ቶዮታዎች ኮፈኑ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ኢቲሲኤስ የተጻፈበት የ10 አምፔር ፊውዝ አለ። ያ መስመር ከተቋረጠ ወይም ከቀጠነ ትሮትሉ ከፋብሪካ የወጣ አዲስም ቢሆን አይከፈትም። ስፕሪንጉ የትሮትሉን የአየር በር፣ ቢራቢሮዋን፣ ጥቂት ዲግሪ ከፍቶ ይይዛታል፤ መኪናዋም በዚያችው ቀዳዳ ትንፏቀቃለች።

ረዳቴ ቴስተሩን ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ አስገብቶ «12.3 አለ ጋሼ፣ መስመሩ ደኅና ነው» አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያበቃው። ቴስተር ምንም ኤሌክትሪክ አይወስድም ለማለት ይቻላል፤ አንዲት የፀጉር ያህል ክር ብትቀር እንኳ 12 ቮልት አድርጎ ያነባል። ቧንቧ ሳይከፈት ግፊት እንደ መለካት ነው፤ ሲከፈት ምን እንደሚወርድ አይነግርም። ስለዚህ የፍሬን መብራት 21 ዋት አምፖል ከሁለት ሽቦ ጋር በይጄ አስቀምጫለሁ። እሱን ጫንኩበት። አምፖሉ ቀልቶ ቀረ፤ ቴስተሩ 4 ቮልት ላይ ወረደ።

ፊውዙ ጋ ስንደርስ ነገሩ ታየ። በፊውዙ ቦታ ባለ ብዙ ክር ሽቦ ተጠምዝዞ ገብቷል። ማን እንዳደረገው ባለቤቱም አያውቁም፤ መኪናውን ሲገዙት እንደዚያው ነበር። ሽቦው ሲግልና ሲበርድ የሳጥኑን መያዣ አስፍቶታል፤ የፕላስቲኩ ዳር ቡና መስሏል። መያዣው ተቀይሮ፣ ትክክለኛው 10 አምፔር ገብቶ አምፖሉ ቦግ አለ። አሮጌውን ትሮትል መልሼ ገጥሜ አስነሳሁት፤ ይሠራል። አዲሱን ሻጩ መልሶ የሚቀበላቸው ከሆነ ይሞክሩ ብዬ በካርቶኑ ሰጠኋቸው። የሚቀበል አይመስለኝም።

መስከረም 10

ረዳቴ ትላንት «በገመድ የነበረውን ለምን አበላሹት?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በሽቦ የሚታዘዝ ትሮትል በቤት መኪና ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ቢኤምደብሊው ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ጭሱን ለመቀነስ፣ ጎማ ሲንሸራተት ሞተሩ ራሱ ኃይል እንዲቀንስ ለማድረግ ይረዳል። ዓለም የፈራውም ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ቶዮታ መኪኖች በራሳቸው ይፈጥናሉ ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ጭቅጭቅ ሲነሳ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ናሳን፣ የጠፈሩን ድርጅት፣ መርምርልኝ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ሪፖርት ለአደገኛ ፍጥነት የሚያበቃ የኤሌክትሮኒክስ ችግር አላገኙም፤ ተጠያቂ የሆኑት የሚጣበቅ ፔዳልና የተንሸራተተ የወለል ምንጣፍ ናቸው። ግን አንድ የተበላሸ ፔዳል ሲከፍቱ ከቆርቆሮ ልባጡ ላይ የበቀለ፣ በዓይን ለማየት የሚያዳግት ፀጉር መሰል ነገር ሁለቱን የሴንሰር መስመሮች አገናኝቶ አገኙ። እኛ ጋ የሚያገናኘው ጭቃ ነው።

ጥቅምት 29

አጨዳ ተጀምሯል። ሩዝ የጫነ አይሱዙ ከሜዳው እየወጣ ወደ መፈልፈያዎቹ ይገባል፤ ገለባው አየር ላይ ነው፤ ኮፈን የተከፈተበት ሞተር ሁሉ ብናኝ ይለብሳል። ስለ ሥራ የሚጻፍ ብዙ የለም። የዘይትና የአየር ማጣሪያ ቀን ነው።

ኅዳር 10

የአንድ ሩዝ ነጋዴ ቪትዝ ከመፈልፈያው ግቢ በገመድ ተስቦ መጣ። ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ከሁሉ የሚገርመው የሞተር መብራቷ ጭራሽ አትበራም። ስካነሩም ከኮምፒውተሩ ጋር አይነጋገርም። «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል፣ ከአዲስ አበባ ይምጣ ብለውኛል» አለ ነጋዴው። ዋጋውንም ጠይቆ ጨርሷል።

በብዙ ቶዮታዎች ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ያ 5 ቮልት ለሴንሰሮቹ ብቻ አይደለም፤ የኮምፒውተሩ አእምሮ ራሱ የሚኖረው ከዚያው ላይ ነው። ውጭ ያለ አንድ የሴንሰር ሽቦ ተልጦ ሞተር ብረት ከነካ 5ቱ ቮልት ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩም አብሮ ይተኛል። የሞተ ይመስላል እንጂ አልሞተም። መለያው ቀላል ነው፤ ቁልፉን ከፍቶ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ መንቀል። አንዱ ሲነቀል መብራቷ ብልጭ ካለች ጥፋተኛው እሱ ነው። ሁሉም ተነቅለው ካልበራች ሽቦው ውስጥ ነው።

ሁሉንም ነቀልን፤ አልበራችም። ሽቦውን ከትሮትሉ ወደ ኋላ እየተከተልኩ ስሄድ ረዳቴ «ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ ከአየር መግቢያው ሥር እጁን አውጥቶ አሳየኝ። መዳፉ ላይ የሩዝ ገለባ፣ የወንበር ስፖንጅና እንደ ምስር የተቆራረጠ የሽቦ ልባስ አለ። አይጥ ሞተሩ ላይ ጎጆ ሠርታለች። ማታ ማታ የሞቀ ሞተር፣ አጠገቡ የሩዝ ክምር፤ ምን ይጎድላታል? ከትሮትሉ ሽቦዎች አንዱ እስከ መዳቡ ተልጦ ብረት ላይ ተኝቷል። በወረቀት አንስቼ ከብረቱ ስለየው ዳሽቦርዱ ላይ መብራቷ በራች። ነጋዴው «እግዚአብሔር ይስጥህ!» ብሎ ጮኸ፤ ገና ሽቦውን ሳልጠግነው።

ተበየደ፣ በናስትሮ ተጠቀለለ፣ በቧንቧ ውስጥ ገባ። መኪናውን ከመፈልፈያው ግቢ ውጭ አሳድር አልኩት። «ውጭማ ሰው ይሰርቀዋል» አለኝ። እሱም ልክ ነው።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ሰፈሩ ሁሉ በቆሻሻ ጭስ ታጥኗል። ኅዳር ሲታጠን በ1911 ዓ.ም. አገር የጨረሰው የኅዳር በሽታ ይታወሳል። የኔ ጋራዥ ጓሮም ጠርቶ ተቃጠለ፤ አሮጌ ጎማ ግን አላስነካሁም፤ እሱ ጭስ ሳይሆን መርዝ ነው።

ኅዳር 20

አይሱዙ። አዲሱ ዓይነት፣ ነዳጅ መስጫው በሽቦ የሆነው። ወረታ ላይ እንደ ልብ ይሮጣል፤ ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን ጭነት ይዞ ሲጀምር ይታነቃል፤ አጥፍተው ሲያስነሱት ይተወዋል። እዚህ 1,800 ሜትር ግድም ነን፤ ደብረ ታቦር 2,700 ይደርሳል። ሾፌሩ «አየሩ ቀጥኖበት ነው» ብሎ ሲያስረዳኝ እንደ ባለሙያ ነበር። አየር ቢሆን አጥፍቶ ማስነሳት አይፈውሰውም።

ባዶ ቆሞ ምንም አይታይበትም። ስለዚህ ቴስተሩን በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ ብረት መካከል አደረግኩት፤ መብራቱን ሁሉ አስበርቼ ረዳቴ በረጅም ብረት ሞተሩን ወደ ጎን እንዲገፋው አደረግኩ። ሳይገፋ 0.1 ቮልት። ሲገፋ 0.9። ሞተሩ በዳገት ሲጨነቅ መቀመጫው ላይ ይጋደላል፤ የግራውንዱ ሽቦ ከጫፉ ተበጥሶ በጥቂት ክር ተንጠልጥሏል፣ ሲሳብ ይለቃል። ግራውንዱ ሲዋዥቅ የሴንሰሮቹ ንባብ ይዛባል፣ ኮምፒውተሩም ኃይሉን ይዘጋል። ሽቦው ተቀየረ። ከዚያ በፊት ፔዳል፣ የነዳጅ ማጣሪያና የነዳጅ ፓምፕ ተቀይሮለታል።

ታኅሣሥ 4

ሩዙ ከሜዳው ተነሥቶ ሽንኩርት እየተተከለ ነው። ከጉማራ ወንዝ ውሃ የሚስቡ ገበሬዎች ሞተር ፓምፖቻቸውን አምጥተው ደጄ ላይ ደረደሩ። አንድ አባት የነዳጅ ገመዱን በጣታቸው ሳብ ሳብ እያደረጉ «የእኔው ይህን አይፈልግም፤ ሲበጠስ ገመድ እቀጥላለሁ» አሉኝ፣ ስካነሩን እያዩ። «አንቱ ምን አለብዎ፤ አባቴ» አልኳቸው። በእርግጥም የፓምፑ ሕመም ካንዴላው ነበር።

ከሰዓት የአይሱዙው ባለቤት ሒሳብ ሊከፍል መጣ። «ለአንዲት ሽቦ ይህን ያህል?» አለ። ሽቦዋ ርካሽ ናት፤ የጠየቅኩት የአንድ ቀን ፍለጋዬን ነው። ከዚህ በፊት ለፔዳሉና ለፓምፑ ሳይከራከር ከፍሏል፤ በካርቶን የመጣ፣ አዲስ አዲስ የሚሸት ዕቃ ስለነበረ። በዚህ ከተማ ትሮትልና ፔዳል የሚቀየረው ሁልጊዜ ባለሙያ ስለጠፋ አይደለም፤ ዕቃ ሲሸጥ ባለመኪናው ይከፍላል፣ ጥፋቱ ሲፈለግለት ግን አይከፍልም። ባለሙያውም ልጆች አሉት።

ግማሹን ሊሰጠኝ ፈለገ። የተበጠሰውን ሽቦ አውጥቼ፣ በጥቂት ክር የተንጠለጠለውን ጫፍ አሳየሁት፤ ከዚያ ቴስተሩን ጠቁሜ 0.9 ያየነውን ረዳቴ እንዲነግረው አደረግኩ። ዝም ብሎ አዳመጠ። በመጨረሻ ሦስት አራተኛውን ከፈለ፤ ቀሪውን ለገና ሲመለስ እከፍላለሁ አለ። ረዳቴ ደብተሩ ላይ «ፍለጋ» ብሎ በሌላ መስመር ጻፈው፤ ከዕቃው ሒሳብ ለይቶ።