ሰባት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ

ልጃችን በተወለደች በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰባት ብርድ ልብስ ባለቤት ሆነች። አንዱን እኛ ገዛንላት፣ ስድስቱን አራስ ጠያቂ ይዞላት መጣ። ሁሉም ከአንድ ሱቅ የወጡ ይመስላሉ፦ ዚፕ ባለው ላስቲክ የታሸጉ፣ ድብ ወይም ጥንቸል የተሳለባቸው፣ ሲዳስሷቸው እንደ ድመት ጀርባ የሚለሰልሱ። ስምንተኛው ግን ጋቢ ነው። እናቴ ጥጡን ራሷ ፈትላ፣ ሸማኔ ጋ ወስዳ አሠርታ፣ ከደብረ ብርሃን ይዛው መጣች።

እናቴ ስለ ብርድ ስታወራ ማንም አያቋርጣትም። ያደገችው መንዝ ነው፤ ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ከባድ ባና ለብሳ። አሁን የምትኖርባት ደብረ ብርሃንም ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ለእሷ አዲስ አበባ ቆላ ናት፣ በጋ ክረምት በሹራብ ትወጣለች። የአራስ ልጅ ጉዳይ ሲሆን ግን ቆላም ብርድ አለው።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሲስተሯ የነገረችን አጭር ነበር። ልጅቷ ሁሌ በጀርባዋ ትተኛ። ፍራሹ ጠንከር ይበል። አልጋዋ ውስጥ ልቅ ነገር አይኑር፤ ትራስም፣ አሻንጉሊትም፣ ብርድ ልብስም። ይህን ለእናቴ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና፣ «ታዲያ ልጅቷ ምን ልትለብስ ነው? ምክር?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ግን ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የሲስተሯ ምክር የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው ምክር ነው፤ ምክንያቱም ከባድ ነው። ጨቅላ ሕፃን ፊቷ ላይ የወጣ ጨርቅ ማንሳት አትችልም። አፍና አፍንጫዋ ከተሸፈነ የተነፈሰችውን አየር መልሳ ትስባለች። ከመጠን በላይ መሞቅም ለብቻው አደጋ አለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 «ሕፃናትን በጀርባ አስተኙ» የሚል ዘመቻ ጀምራ፣ በቀጣዮቹ ዓመታት እንቅልፍ ላይ የሚያጋጥመው ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። እንዲህ ያለ ነገር እያወቅኩ «እኛስ ለብሰን አድገን የለም ወይ» ብዬ ማለፍ አልችልም።

በሌላ በኩል ምክሩ የተጻፈው ማሞቂያ ላለው ቤት ነው። እዚያ ክፍሉ ይሞቃል፣ ልጁ ቀለል ያለ ልብስ ለብሶ ይተኛል፣ በቃ። እኛ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ መስኮቱ ብረት፣ ወሩ ኅዳር። አንዲት ትንሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዝቼ አልጋዋ አጠገብ ሰቀልኩና ለአንድ ሳምንት መዘገብኩ (አዎ፣ ኤክሴል ላይ፤ ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች)። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ 20 ዲግሪ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ 16። ጭቅጭቃችን ሁሉ ያለው እዚህ አራት ዲግሪ ውስጥ ነው። ብርድ ልብሱን የሚከለክለው ሰውም ብርድ ልብሱን የሚያለብሰው ሰውም ልክ ናቸው፤ የሚያስቡት ግን ስለተለያየ ክፍል ነው።

ኢንጂነሪንግ ስማር ሂት ትራንስፈር የሚባል ኮርስ ነበር። ከፈተናው በኋላ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም። ነገርዬው ቀላል ነው፦ የሚያሞቀን ጨርቁ ሳይሆን ጨርቁ ውስጥ ተይዞ የቀረው አየር ነው። ጋቢ አራት ድርብ የሆነው ለዚህ ነው፤ በየድርቡ መሀል አየር ይተኛል። እንግሊዞች ለዚህ ነገር መለኪያ አበጅተውለታል፤ ቶግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ማንችስተር ያለው ሸርሊ ኢንስቲትዩት ያወጣው ነው። ውጭ አገር የሚሸጡ የሕፃናት የመኝታ ከረጢቶች ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ክፍሉ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ከሆነ 2.5 ቶግ ያህል ይመከራል። ጋቢ ላይ ቶግ አይጻፍም።

ከረጢቱ ግን ልቤን ወሰደው። ሕፃኗ የምትለብሰው ብርድ ልብስ ማለት ነው፦ ክንዷ ይወጣል፣ አንገቷ ጋ ልኩን ይገጥማል፣ ከታች ሰፊ ነው። ተንሸራቶ ፊቷ ላይ አይወጣም፣ ረግጣም አትጥለውም። ከውጭ ይምጣልን ብንል ሰው መለመንና መጠበቅ ሊሆን ነው። ለምን እዚሁ አናሰፋም?

እናቴ የመጀመሪያውን ሐሳቤን ገና ከአፌ ሳይወጣ ገባት። «ጋቢው አይቆረጥም» አለች። ሳትቆጣ ነው ያለችው፤ ስለዚህ ይበልጥ ከበደኝ። ስንት ወር እንዝርት ስታሾር እንደከረመች አውቃለሁ። አልተቆረጠም። ሽሮ ሜዳ ሄደን ያልተሰፋ የሸማ ጨርቅ ገዛንና ሰፈራችን ያሉ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድነው። ጋሼ ስዕሌን ገልብጠው ካዩ በኋላ፣ «ይሄ እኮ ቀሚስ ነው፣ ታቹ የተደፈነ ቀሚስ» አሉ። ሁለት ነገር ብቻ አደራ አልኳቸው። አንደኛ፣ የአንገቱ ቀዳዳ ጭንቅላቷን ወደ ውስጥ የማያስገባ ይሁን። ሁለተኛ፣ ከወገብ በታች ይስፋ። ሕፃንን እግሯን አቅንቶ አጥብቆ መጠቅለል የዳሌ መገጣጠሚያዋን ይጎዳል፤ ጉልበቷን አጥፋ እግሯን ከፈት ማድረግ አለባት፤ ልክ ጀርባ ላይ ስትታዘል እንደምትሆነው። (ማዘያችን ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።) በሦስተኛው ቀን ደረሰልን።

ሰባቱስ? አንዱን ወለል ላይ እናነጥፈዋለን፣ ነቅታ ስትጫወት። አንዱ መኪና ውስጥ ነው። የቀሩት ፖሊስተር ናቸው፤ ይለሰልሳሉ ግን ላብ አይጠጡም፣ ሕፃኗ ከውስጥ ትረጥባለች። ጥጥ ይሻላል። ስጦታ ይዛችሁ ለምትመጡ ግን ይህን አንናገርም፤ ብርድ ልብሱ እንኳን ማርያም ማረሽ ማለት ነው።

መሞቅ አለመሞቋን ለማወቅ እጇን አትንኩ። የጨቅላ እጅና እግር ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ በዚያ ከፈረዳችሁ ሁሌ ትደርቡባታላችሁ። ማጅራቷን ወይም ደረቷን ንኩ። ማጅራቷ ካላበ በዝቶባታል።

ስለ ፀሐይ ግን እናቴ ከእኔም ከኤክሴሌም ትቀድማለች። ጎረቤቶቻችን «ምች ይመታታል» እያሉ እሷ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ገልጣ ፀሐይ ታሞቃታለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ የአዲስ አበባ ጥናት አለ፤ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልያዛቸው 500 ግን 20ዎቹ ብቻ። ሪኬትስ ፀሐይ በቆዳችን ላይ የምትሠራው ቫይታሚን ዲ ሲያንስ የሚመጣ የአጥንት መሳሳት ነው። ፀሐይ በሞላበት አገር፣ ብርድ ፈርተን ተጠቅልለን።

ጋቢውን የለበሰችው ባለቤቴ ናት። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነስታ የምታጠባው እሷ ናት፤ በዚያ ሰዓት ጀርባዋ ይቀዘቅዛል። ልጅቷ እቅፏ ውስጥ ከሰውነቷ ሙቀት ታገኛለች፤ የሚበርዳት እናት ናት፣ ስለ እሷ ብርድ ደግሞ የጠየቀ አልነበረም። አጥብታ ስትጨርስ ልጅቷ በከረጢቷ ወደ አልጋዋ ትመለሳለች፣ ጋቢው ከባለቤቴ ጋር ይቀራል። አልጋው ከእኛ አልጋ ጎን ነው፣ እጅ ይደርሳል።

እናቴ ወደ ደብረ ብርሃን ከመመለሷ በፊት በነበረው ሌሊት ስትነሳ ሰማኋት። መብራት ሳታበራ እጇን ማጅራቷ ሥር ሰደደች፣ ቆየች፣ አወጣች። ጠዋት ቁርስ ላይ የአክስቴ ልጅ በጥር እንደምትወልድ አስታወሰችኝና፣ «ያ ሰውዬ ለእሷም ይስፋላት» አለች። «የእኛ አገር ግን በሸማ አይሆንም። በባና ነው።»

ባና ይኮሰኩሳል። ጋሼ ውስጡን በነጠላ እንለብጠው ይላሉ፤ ዚፑ ያን ሁሉ ውፍረት ይችል እንደሆን እያየን ነው።