«በሞቴ፣ አንዴ ብቻ!»

እኛ አገር መጠጥ የሚጀመረው ግሮሰሪ ውስጥ አይደለም። ቤት ውስጥ ነው፤ ያውም በእናት እጅ። «ቅመስ እስቲ፣ ጣፈጠ?» ተብሎ። እኛ የማጀቴ ልጆች ፊደል ሳንቆጥር ጠላ ቀምሰናል። ለጥምቀት ጠላ፣ ለማኅበር ጠላ፣ ለሠርግ ጠላ፣ ለተዝካር ጠላ፣ ለደቦ ጠላ። ሕፃን ክርስትና ሲነሣም ሽማግሌ ሲሞትም ጋኑ ባዶውን አያድርም። ስለዚህ «ወጣቱ በመጠጥ ተበላሸ» የሚል ወሬ በሰማን ቁጥር «ከየት ተማረው?» ብለን እርስ በርስ እንተያያለን።

ይህን ስንል ጠላን ለመክሰስ እንዳልሆነ ይታወቅልን። ከመሃላችን እናቷ ጠላ ጠምቀው፣ አረቄ አውጥተው ያስተማሯት አለች። ደብተሯም ዩኒፎርሟም የተገዛው ከዚያ ጋን ነው። በይፋት ቆላ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት ልጆቿን የምታሳድግበት ሥራ ብዙ አይደለም። «ጠላ ቤቱ ሁሉ ይዘጋ» የሚል ሰባኪ ሲመጣ «እሺ፣ ልጆቻቸው ምን ይብሉ?» የሚለውን ጥያቄም አብሮ ይዞልን ይምጣ።

ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ መጠጡም አጠጣጡም እንደ ድሮው አይደለም። የቤት ጠላ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከቢራ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። አረቄ ግን እስከ 40 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አንድ ጣሳ ጠላ ይዞ ሲጫወት ያመሽ የነበረ አባት ልጅ ዛሬ በባዶ ሆዱ ሦስት መለኪያ ገልብጦ ይወጣል። ቢራውም ደጃችን ደርሷል፤ የዞናችን ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ብቻዋን የሐበሻና የዳሽን ፋብሪካዎች ተተክለውባታል።

ሕግማ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥንም ከልክሏል። ማስታወቂያው እውነትም ጠፋ። ዕድሜውን ግን ማን ይጠይቃል? አረቄ ቤት ደጃፍ ላይ መታወቂያ የሚያይ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም።

የሰፈራችንን ልጅ ነገር እናውጋችሁ። ዲግሪውን ይዞ ተመለሰ፤ ሥራ የለም። በሚያዝያ 2013 ጎረቤታችን አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ቆላውን ሲያዳርስ ያየውን አይቷል። መጠጡን «እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነው» ብሎ ጀመረ። ዓመት ሳይሞላው ጠዋት ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ የቡና ስኒ ማንሳት አቃተው፤ የሚረጋጋው አንድ መለኪያ ሲቀምስ ብቻ ሆነ። እናቱ አልቅሰው፣ ለምነው ጠበል ወሰዱት። መጠጡን በአንድ ቀን አቆመ። በሦስተኛው ቀን የሌለ ነገር ያይ ጀመር፤ ወደቀ፤ ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ። «ሰይጣኑ ሊለቀው ነው» ያሉም ነበሩ። ነርስ የሆነች ዘመዱ ደርሳ ሆስፒታል ባታስገባው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ተዝካሩ ነበር።

ያኔ የተማርነውን እንንገራችሁ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው አንጎሉ ከአልኮሉ ጋር ተላምዷል። በድንገት ሲቀርበት እንደ ተለቀቀ ፍሬን ነው፤ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ቅዠት፣ አንዳንዴም ሞት የሚያስከትል መንዘፍዘፍ ይመጣል። ሐኪም ግን ይህን በመድኃኒት አብርዶ ቀስ እያለ ሊያሻግረው ይችላል። ጠበሉ ይቅር አላልንም። መጀመሪያ ወይም አብሮ ጤና ጣቢያ ይሂድ ነው የምንለው። ወንጌልን ከጻፉት አንዱ ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። የሰፈራችንም ልጅ ዛሬ ቀጠሮውንም ጠበሉንም አያጓድልም።

ወደ መጽሐፉ ስንመጣ ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ስካር አጥብቆ የጻፈው ለኤፌሶን ሰዎች ነው። የእኛዋ አጣዬም ኤፌሶን እየተባለች ትጠራለችና መልእክቱ በአድራሻችን የመጣ ይመስለናል! ይኸው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ለሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ጌታም በቃና ሠርግ ውኃውን ወይን አድርጓል። ስለዚህ «ብርሌ የያዘ ሁሉ ኃጥእ ነው» የሚል ንባብ አያስኬደንም። ነገር ግን ምዕራፍ 5ን ልብ ብሎ ላነበበው ሐዋርያው ስካርን ከልክሎ ብቻ አያቆምም። በስካሩ ፋንታ በምን መሞላት እንዳለባቸው ይነግራቸዋል፤ በመንፈስ፣ በዝማሬ፣ በምስጋና፣ እርስ በርስ በመከባበር።

እኛን የከነከነን ይህ «በፋንታው» የሚለው ነገር ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራ የሌለው ወጣት የት ይሂድ? ጫት ቤት፣ ፑል ቤት፣ ጠላ ቤት፣ አረቄ ቤት። የቀረው በር ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። እሱም በሳምንት አንዴ ተከፍቶ፣ ሞቅ ብሎት የመጣውን ልጅ በግልምጫ የሚመልስ ከሆነ ማንን ያድናል? ልጁን አረቄ ቤቱ «ግባ፣ ተቀመጥ» ይለዋል። እኛ ካላልነው ምርጫው ያልቃል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚገርመንን እንንገራችሁ። በይፋት ክርስቲያኑ ሲድር ሙስሊም ጎረቤቱን ይጠራል። ለእነሱ ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይሠራል፤ በጠላና በጠጅ ፋንታ ብርዝና ቀሪቦ ይቀርባል። አንድም ቀን ሙስሊሙን እንግዳ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ ቅመስ» ያለ ባለ ሠርግ አላየንም። ነውር ነዋ! እዚያው ዳስ ውስጥ አንዱ ክርስቲያን ወጣት «አልጠጣም» ቢል ግን ጉድ ይፈላል። «ምነው፣ ጴንጤ ሆንክ እንዴ?» ይባላል። «አፈር ስሆን!» ይባላል። ብርጭቆው በግድ ይሞላለታል። ለጎረቤት የምንሰጠውን ክብር ለገዛ ልጃችን ነፈግነው ማለት ነው። ሰውን ሳያስከፉ ያለ መጠጥ ማስተናገድን እንደሆነ ከጥንት ጀምሮ እናውቅበታለን።

ስለዚህ የምንለው ከባድ አይደለም። በማኅበርም በሠርግም ብርዙና ቀሪቦው ለሁሉም እኩል ይቅረብ፤ የፈለገ ያንሣ። «አልጠጣም» ላለ ሰው ምክንያቱን አንጠይቀው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ከጤና ጉዳት ነፃ የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሏልና ያልጠጣ ሰው የቀረበት ነገር የለም። የምትጠጡ ጓደኞቻችን ደግሞ በሁዳዴ ራሳችሁን መዝኑ። 55ቱን ቀን መተው ከከበዳችሁ መጠጡ ጌታ ሆኗል ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ግን ጉልበታችሁን አትፈትኑ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ለባለ ሠርጎችም አንድ አደራ አለን። «በሞቴ» የምትለዋን ቃል ለጉርሻ ብቻ አስቀምጡልን። በእንጀራ ከሆነ እኛም አፋችንን እንከፍታለን!